ሣጥኑ ከመሞላቱ በፊት ልጁ ይናገር

እዚህ ሜሪላንድ ከአማርኛ ተናጋሪ ቤት የሚመጡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ማታ የልጆቻችንን ቦርሳ ስንከፍት ሁለት የተጠላለፉ ክቦች፣ የተደረደሩ ሣጥኖች ወይም የሃምበርገር ሥዕል ያለበት ወረቀት እናገኛለን። የማቅለሚያ ጨዋታ የሚመስለው ወላጅ አለ። ወረቀቱ ግን ድርሰት ማስጀመሪያ ነው፤ መምህራን ግራፊክ ኦርጋናይዘር ይሉታል።

ጥቅሙን አምንበታለሁ። እንግሊዝኛው ገና ያልጠና ልጅ አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ሐሳብ ማፍለቁ፣ ቃል መፈለጉና ዓረፍተ ነገር ማዋቀሩ በአንድ ጊዜ ይወድቁበታል። ወረቀቱ ሐሳቡን አስቀድሞ ለብቻው እንዲያሰናዳ ያግዘዋል። የሚያሳዝነኝ ወረቀቱ ታድሎ፣ በየሣጥኑ አንዳንድ ቃል ጣል ተደርጎ፣ ትምህርቱ አለቀ ሲባል ነው።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የአገር ቤቱን ገና ከዚህኛው ጋር እንድታነጻጽር ቬን ዲያግራም የሚባለው ባለ ሁለት ክብ ወረቀት ተሰጣት። በአንዱ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ዛፍ፣ መሐል ላይ ምግብ ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችና እርሳሷን አስቀመጠች። አጠገቧ ተቀምጬ በአማርኛ፣ «እስቲ አያትሽ ቤት ገና እንዴት ነበር?» አልኳት። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ማደራቸውን፣ የአያቷን ነጠላ፣ ጾም ሲፈታ ቤቱን የሚያውደውን ዶሮ ወጥ፣ እዚህ ግን በገና ቀን ትምህርት ቤት መሄዷ እንደሚያስከፋት ሳይቀር ዘረገፈችው። የምትጽፈው ሞልቷት ነበር፤ የጠየቃት ሰው ነው የጠፋው። ያለችውን መጀመሪያ በአማርኛ በክቦቹ ውስጥ አሰፈረች፤ እንግሊዝኛውን ቀጥለን አብረን ፈለግን።

ይሁንና በሣጥን የተቀመጠ ቃል በራሱ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ባለቤቱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምን፣ የት የሚሉ አራት ዓምዶች በዚሁ ቅደም ተከተል አሰመርንላት። አያቴ፣ ሠራች፣ ዶሮ ወጥ፣ ቤቷ። በእንግሊዝኛ ሞልታ ከግራ ወደ ቀኝ ስታነበው ዓረፍተ ነገሩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለቱን ገናዎች የምታነጻጽርባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላትም በትንሽ ካርድ ጽፈን ሰጠናት።

መምህራን ሆይ፣ ወረቀቱን ዓመቱን ሙሉ አታድሉ። ልጁ አንድ ቀን ባዶ ገጽ ላይ ሠንጠረዡን ራሱ ማስመር አለበት፤ ያን ካልቻለ የተማረው ሣጥን መሙላት ብቻ ነው።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ኢሶል፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ ክፍል ገባ ሲባል እንደ ውርደት አትቁጠሩት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ ወስኗል። ድጋፉ መብቱ ነው።

እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁም አትሽሹ። ወረቀቱ ቤት ሲመጣ ቡና እየተፈላም ቢሆን ልጁን በአማርኛ አስወሩት፤ ያወራውን በአማርኛም ቢሆን ሣጥኑ ውስጥ ይጻፍ። በማግስቱ መምህሩን፣ «ልጄ ሐሳቡን በአማርኛ አዘጋጅቶ ቢመጣ ትቀበሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።