«ስንት ተተከለ?» ብቻ ሳይሆን «ዘሩ ከየት መጣ?»

ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ተተከለ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ እንኳ ቁጥር ለምደናል። መትከሉን አልቃወምም፣ እኔም እተክላለሁ። ግን ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ተለቀመ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን «ጥድ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያነሱላችሁ የፈረንጅ ጥድ ነው። (ፈረንጅ እንበለው እንጂ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው።) ልጆቹ ላይ አልፈርድም። የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎ ይረዝማል፣ ለአጥር ይከረከማል፣ ደንበኛውም የሚፈልገው እሱኑ ነው። የሐበሻ ጥድ ግን ዘሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ችግኙም ለተከላ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በግንቦት ታዝዞ ለሐምሌ የሚደርስ ነገር አይደለም።

ለመለየት ፍሬውን እዩ። የፈረንጁ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ሲበስል የሚሰነጣጠቅ ድቡልቡል ነው። የኛው ትንሽ፣ ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው።

ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ምናልባት ታስታውሱ ይሆናል፤ የሐበሻ ጥድ ባብዛኛው ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ወንዱ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፣ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። እስቲ አሁን ቦሌን ተመልከቱ። አሮጌ ግቢ ይፈርስና ስድስት ሰባት ጥድ ይቆረጣል፤ «ለጥላ» ተብሎ አንዷ ትቀራለች። ሕንፃው ሲያልቅ እሷ አለች። አረንጓዴ ናት፣ ፍሬም ልትይዝ ትችላለች። በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ ግን ፍሬው ተከፍቶ ሲታይ ዘሩ ባዶ ነው። እኛ «ዛፉን አትርፈናል» ብለን ፎቶ እንነሳለን፣ እሷ ግን ልጅ አይወጣላትም። ጉርድ ሾላን የሚያህል ስም ያለው ሰፈር እያለን ስለተቆረጠ ዛፍ ለመነጋገር መስነፋችን ይገርመኛል።

ቀና ብላችሁ የካ ተራራን ብታዩ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው። ጥዶች እርስ በርስ ተቀራርበው፣ ወንዱም ሴቷም ባንድ ቦታ የሚገኙት ባብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። የዘር ጎተራችን እሱ ነው። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ የመናገሻ ሱባን ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። እሳቸው ዘሩን ከሩቅ አስመጡ፣ እኛ አጥራችን ሥር ያለውን አንለቅምም።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የበሰለውን ፍሬ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ዛፎች ልቀሙ። ውኃ ውስጥ አሽታችሁ ሥጋውን አላቁት። የሚንሳፈፈው ባብዛኛው ባዶ ነውና ድፉት፣ የሰመጠውን ጥላ ላይ አድርቁት። መደብ ላይ ዘርታችሁ ስስ አፈር አልብሱት፣ ጥላ አድርጉለት፣ ጠብቁ። ከተዘራው ብዙው አይበቅልም፤ ስለዚህ ብዙ ዝሩ።

ከወረዳና ከክፍለ ከተማ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ችግኝ ሲገዙ የዘሩ ምንጭ ከነቦታው ይጻፍ። ለመንገድም ለሕንፃም የሚነሳ አሮጌ ጥድ፣ ወይራ ወይም ዝግባ ካለ ደግሞ መጋዙ ከመድረሱ በፊት ዘሩ ይለቀም። ሁለት ሰው፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ነው። በጀት የለም የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ሰሚት፣ ጎሮ፣ ኮተቤ፣ አያት ያላችሁ፣ በሰፈራችሁ ፍሬ የያዘች ጥድ ካለች ከሥር ኮመንት ላይ ቦታዋን ጻፉልኝ፤ አጠገቧ ፍሬ የሌለው ሌላ ጥድ መኖሩንም አይታችሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪውን ሳታስፈቅዱ አንዲት ፍሬ እንዳትነኩ።