ገመና በካርቶን

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ለላይ ተመልካች ደረቅ የሕግ ወሬ ይመስል ይሆናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል። ስለዚህ አዋጅ ሲወራ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጡት ባንኮች፣ የቴሌኮም ኩባንያዎችና የስልክ መተግበሪያዎች ናቸው። እኔ ግን አዋጁን ባነበብሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው አንዲት የቢራ ካርቶን ናት፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንድ ሆቴል መተላለፊያ ጥግ ትተናት የሄድናት ካርቶን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለአንድ አማካሪ ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ከደብረ ታቦር ተነሥተን በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ ያሉትን ጎጦች በእግር እያቆራረጥን፣ ቤት ለቤት እንጠይቅ ነበር። መጠይቁ ከሠላሳ ገጽ በላይ ነው። ስንት በሬ አለዎት? ያለፈው ክረምት የሸጡት አለ? እህል ስንት ወር አላደረሰዎትም? የሞተ ልጅ አለ? ዕዳ አለብዎት? ከማን ነው የተበደሩት? ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የምናነበው አንድ አንቀጽ ነበር፤ ተጠያቂው በፈቃዱ እንደሚሳተፍ፣ ባይፈልግ ያለመመለስ መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው መልስም በምስጢር እንደሚያዝ የሚገልጽ። ከሥሩ ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ ይደረግበታል።

አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ቤት ገብቼ ያንን አንቀጽ አነበብሁና «ፈቃደኛ ነዎት?» አልኋቸው። እርሳቸው ወደ እኔ አላዩም። ከኋላዬ በሩን ተደግፎ የቆመውን የቀበሌ ሰው አዩና «ኧረ ልጄ፣ ከመዝገቡ እንዳልፋቅ እንጂ የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አሉኝ። እኔም «ፈቃደኛ ናቸው» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ።

ያ የቀበሌ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ውሻ ሲመጣብን ዱላውን ይዞ የሚቀድመን፣ ዝናብ ሲጥል ከቤቱ ጠላ የሚያጠጣን ደግ ሰው ነበር። ያለ እርሱ ማንም በር አይከፍትልንም። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ሲመረጡ ከኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጠው እርሱና ባልደረቦቹ ናቸው። ስንዴውንና ብሩን የሚወስን መዝገብ በእጁ ያለ ሰው አብሮ ቆሞ ሳለ «ባይፈልጉ ያለመመለስ መብት አለዎት» ማለት ምን ማለት ነው? ያ አንቀጽ የተጻፈው ለእናትየዋ አልነበረም፤ ለአማካሪ ድርጅቱ ነበር። ነገ አንድ ጠያቂ ቢመጣ «አስፈርመናል» ለማለት።

አሁን ወደ ካርቶኗ ልመለስ። ማታ ማታ ሆቴል ስንደርስ ተቆጣጣሪያችን መጠይቆቹን አንድ በአንድ ያያል። ስርዝ ድልዝ የበዛበትን «ይህን ገልብጠህ አምጣ» ይላል፤ እኛም በሻማ ብርሃን በንጹሕ ቅጽ ላይ እንገለብጣለን። የተበላሸው ቅጽ ግን የተበላሸው ለድርጅቱ ብቻ ነው። የአባወራው ስም፣ ጎጡ፣ ዕዳው፣ የጣቱ አሻራ ሁሉም እንዳለ አለ። እነዚህን በአንዲት ካርቶን ውስጥ እናጠራቅም ነበር። በመጨረሻው ቀን መኪናው ሞላ፤ ካርቶኗ ቀረች። ማናችንም አላስታወስናትም።

ከወራት በኋላ ለበዓል ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ከአንድ ሱቅ እርድ ገዛሁ። ባለ ሱቁ ጠቅልሎ የሰጠኝን ወረቀት ቤት ገብቼ ስፈታው የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ገጹ ስለ ምግብ እጥረት የሚጠይቀው ክፍል ነበር። የሰውዬው ስም ከላይ፣ የተራቡባቸው ወራት ከሥር። እየሮጥሁ ተመልሼ የቀረውን ወረቀት በሙሉ ልግዛህ አልሁት። «መምህር ነህ እንዴ?» አለኝ በመገረም። ምን ያህሉ ቀድሞ በገበያተኛው እጅ እንደወጣ እግዚአብሔር ይወቀው።

አዲስ አበባ ስገባ ለኃላፊዬ ነገርሁት። ለአፍታ ደንግጦ ከዚያ ፊቱ ፈካ። «ዋናው ቅጂ እኮ ደኅና ነው!» አለኝ።

በዚች መልስ ብዙ አሰብሁ፤ ዛሬም አስባለሁ። ለኃላፊዬ መረጃ መጠበቅ ማለት ድርጅቱ ለአሠሪው የሚያስረክበው ዕቃ እንዳይጠፋበት መጠንቀቅ ነበር። ሰውየው ደግሞ በወረቀቱ ውስጥ የለም። አዋጁ «የግል ዳታ» ይለዋል፤ ቃሉ ቢሮክራሲያዊና ቀዝቃዛ ነው። አማርኛችን ግን ከማንም ሳይበደር የቆየ ቃል አለው፤ ገመና። የቤት ገመና በጎረቤት ፊት አይገለጥም። የበጌምድር ገበሬ ጎተራው ባዶ ሲሆን እንግዳ እንዳያይበት በሩን ገርበብ ያደርጋል። እኛ ደብተር ይዘን ገብተን፣ ለገዛ ወንድሙ የማይናገረውን አናግረነው ወጣን፤ ገመናውም እርድ ተጠቀለለበት።

«ለተራበ ሰው ግላዊነት ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እነዚህ ወዳጆቼ የገጠሩን ታሪክ የረሱት ይመስለኛል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ አባይ ማዶ ያለው ጎጃም ያመፀው ገማቾች በየማሳው መጥተው ሀብቱን ሊመዘግቡ መሆኑን ሲሰማ ነው። ከዚያም ወዲህ፣ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ቅሪት» የሚል ስም የወጣላቸው ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደርጎ የቀረው መሬታቸው ለሌላ ታደለ። ከስም ፊት የምትጻፍ አንዲት ቃል ማሳ ታስወስዳለች። ገበሬው የበሬውን ቁጥር አሳንሶ የሚነግረን ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ከምሩቃኑ ይልቅ ስለሚያውቅ ነው። አማካሪዎቻችን ይህን በሪፖርታቸው «የተዛባ ምላሽ» ብለው ይጽፉታል።

በሌላ በኩል ሁሉም ነገር ይደበቅ የሚል አቋም የለኝም። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ስብሰባ ሲነበብ አይቻለሁ። አንድ ፈረንጅ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ነበር። እኔ ግን እደግፈዋለሁ፤ ስሙ በአደባባይ ባይነበብ የኮሚቴው አማችና የአክስት ልጅ ሁሉ በገባበት ነበር። እዚያ የሚሰማው ሰው የሚያውቀውና የሚመለከተው መንደርተኛ ነው፤ ቅሬታ ያለውም እዚያው እጁን ያወጣል። ያው ስም ዝርዝር አዲስ አበባ ባለ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን እናትየዋ ማንን ትጠይቅ?

ዛሬ ወረቀቱ በታብሌት ተተክቷል። እርድ የሚጠቀለልበት ነገር የለም፤ ስለዚህ ችግሩ የተፈታ የሚመስለው አለ። ታብሌቱ ግን ወረቀቱ የማያውቀውን አንድ ነገር ይመዘግባል፤ ቤቱ ያለበትን ቦታ በትክክል፣ በሳተላይት። ይህ በሰላም ጊዜ ለተመራማሪ ምቹ ነው። ደቡብ ጎንደር ግን በሰላም ብቻ አልኖረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለቀናት ይዘው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዚያች ከተማ በታጣቂዎቹ የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸው 16 ሴቶች ምስክርነት ሰጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ባለ አገር የተጎጂዎች ዝርዝር፣ የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር፣ ልጁ የት እንደሄደ የተጠየቀ አባወራ መልስ፣ በማን እጅ እንደሚወድቅ ማን ዋስ ይሆናል?

«በጥንቃቄ እናስቀምጣለን» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ገለልተኛነትን መተዳደሪያው ያደረገው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጥር 2014 ዓ.ም. ከ515,000 በላይ ሰዎችን መረጃ የያዙ ሰርቨሮቹ በጠላፊዎች እንደተደፈሩ ራሱ ይፋ አድርጓል። ከእነዚያ ውስጥ በጦርነት ከቤተሰብ የተለያዩ፣ የጠፉና የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። ቦሌ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ አምስት የመረጃ ፋይል በአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ የሚያስቀምጥ ድርጅት ከእነርሱ የተሻለ አጥር አለኝ ሊለን ነው?

አዋጁ ጥርስ የለውም አልልም። ፈቃድ በነፃነትና በማወቅ የተሰጠ መሆን እንዳለበት፣ ሰጪውም መልሶ ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ብሔርን፣ ጤናን፣ ሃይማኖትንና የፖለቲካ አመለካከትን የመሳሰሉ መረጃዎችን ከሌላው ለይቶ የላቀ ጥበቃ ያደርግላቸዋል። መረጃ አፈትልኮ ሲወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲነገር ያዛል። የካርቶኗን ነገር በዚህ አንቀጽ ስመዝነው ሳቅ ይይዘኛል፤ እኛ በ72 ሰዓት ውስጥ የደረስነው ባሕር ዳር ዓሣ ለመብላት ነበር። ከዚህ በፊት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 442/1997 የግለሰብ መልስ በምስጢር እንዲያዝ ደንግጎ ነበር፤ እርሱ ግን የሚናገረው ስለ መንግሥት ቆጠራና ጥናት ነው። አዲሱ አዋጅ በአማካሪዎችም በር ደርሷል።

የሚያሠጋኝ አዋጁን የምንፈጽምበት መንገድ ነው። አንድ ገጽ የነበረው የፈቃድ ቅጽ ሦስት ገጽ ይሆናል፤ ሕጉ ተጠቀሰ፣ ማኅተም ተመታ፣ አሻራ ተወሰደ፤ የቀበሌው ሰው እንደቆመ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሲጠየቅ መዝገብ የሚይዝ ሰው ከግቢው ይውጣ። መልስ ያልሰጠ ሰው ከመዝገብ እንደማይፋቅ አማካሪው ሳይሆን ኮሚቴው ራሱ ለጎጡ ስብሰባ አስቀድሞ ይንገር፤ በአደባባይ የተነገረን ቃል ገበሬ ይይዛል። ስም ከመልስ ይለይ፤ የፋይዳ ቁጥር በመጠይቅ ላይ ከተጻፈ ግን ስም ደብቀናል ማለት ቀልድ ነው። ተጠያቂው እጅ ላይ ስልክ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ትቅር።

ከሁሉ በላይ ግን ውሉ ይታይ። በሥራ ዘመኔ የፈረምኋቸውና የተረጎምኋቸው የአማካሪነት ውሎች የመጨረሻውን ክፍያ ከንጹሕ መረጃ ርክክብ ጋር ያያይዛሉ። ጥሬው መረጃ በአማካሪው እጅ የሚጠፋበትን ቀን የጻፈ አንድም አላየሁም። ያ ቀን ከክፍያው ጋር ቢታሰር ካርቶኗ ሆቴል ባልቀረች ነበር፤ ብር የታሰረበትን ካርቶን ማንም አይረሳም።

በዚህ ሙያ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ በውላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ የድርጅቱንና የአሠሪውን ስም ሸፍናችሁ ላኩልኝ፤ እዚሁ አወጣዋለሁ። የያዝኋቸውን የእርድ ወረቀቶች በተመለከተ፣ አንዲቱን ገጽ ለማስረጃ ላስቀራት አስቤ ነበር፤ ኋላ ከሌሎቹ ጋር አቃጠልኋት።