የፕሌትሌት ብዛትና የአጥንት መጠገን

አጥንት ሲሰበር በውስጡና በዙሪያው ያሉ የደም ሥሮች አብረው ስለሚበጠሱ በስብራቱ ቦታ ደም ይቋጠራል። ይህ የረጋ ደም በቀዶ ሕክምና ወቅት እንደ ትርፍ ነገር ታጥቦ የሚወገድበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ጥገናው የሚጀመረው በእርሱ ውስጥ ነው። ደም አርጊ የሆኑት ፕሌትሌቶች መድማቱን ከመግታት አልፈው አልፋ ግራንዩል ከተባሉ ከረጢቶቻቸው የእድገት ፋክተሮችን ይለቃሉ። ፒዲጂኤፍ የተባለው ጠጋኝ ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይስባል፤ ቪኢጂኤፍ ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያነሣሣል።

በፕሌትሌት የበለጸገ ፕላዝማ ለአጥንት ሕክምና የታጨው በዚህ ዕውቀት ነው። ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ መንጋጋ አጥንት ንቅለ ተከላ ያሳተሙት ጥናት ለብዙዎች መነሻ ሆነ። ከታካሚው ደም ፕሌትሌቱ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ በስብራቱ ላይ ቢጨመር ጥገናው ይፈጥናል የሚለው ሐሳብ ይማርካል፤ ሆኖም ጎደሎ ነው። እነዚያው ከረጢቶች እንደ ትሮምቦስፖንዲን ያሉ፣ የደም ሥር እድገትን የሚገቱ ፕሮቲኖችንም ይዘዋል። ጊዜውም አይገጥምም፦ የነቁ ፕሌትሌቶች አብዛኛውን ፋክተር የሚለቁት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን ረጅም አጥንት ለመግጠም ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የታተመውና የጭን አጥንታቸው አንገት የተሰበረባቸውን 200 አረጋውያን ያሳተፈው ጥናትም ፕላዝማው የቀዶ ሕክምናውን አለመሳካት በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚቀንስ አላሳየም።

ይህ ሕክምናው ከንቱ ነው አያሰኝም። ይልቁንም ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ጤናማ ደም በማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ያህል ፕሌትሌት አለው፤ «የበለጸገ» የተባለው ግን አንዱ ዘንድ እጥፍ፣ ሌላው ዘንድ አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ነጭ የደም ሕዋሳት የቀሩበት አለ፤ የተወገዱበትም አለ። በትሮምቢን ወይም በካልሲየም የነቃ አለ፤ ጭራሽ ያልነቃም አለ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ጥናቶች እንግዲህ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን እየፈተኑ ሊሆን ይችላል፤ ውጤታቸውን ደምሮ አማካይ ማውጣትም ብዙ አያስረዳም።

ስለዚህ የታካሚውን ደምና የተዘጋጀውን ፕላዝማ የፕሌትሌት ቁጥር፣ የነጭ ሕዋሳቱን መጠንና የማንቂያውን ዓይነት የማይገልጽ የመመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ዘንድ እንዳላለቀ ሊቆጠር ይገባል። ሌላ ተመራማሪ ሊደግመው አይችልምና። ለቆጠራው የሚያስፈልገው ደግሞ መደበኛ የደም ምርመራ የሚሠራበት መሣሪያ ብቻ ነው።