ባሕር የሌላት ወደብ

ወደብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መርከብና ማዕበል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የወደብን ሥራ ብንመረምር፣ ከሩቅ የመጣ ጭነት የሚራገፍበት፣ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት ስፍራ መሆኑን እንረዳለን። በዚህ ትርጉም፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው መቀሌ ለረጅም ዘመን የጨው ወደብ ነበረች ማለት ስሕተት አይሆንም።

ጨዉ የሚወጣው በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ረባዳ ሜዳ ነው። ሠራተኞች በዚያ ሐሩር የጨዉን ንጣፍ በዘንግ እየፈነቀሉና እየጠረቡ አሞሌ ያዘጋጃሉ። ነጋዴዎችም በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጭነው፣ በብራሕሌ በኩል አቀበቱን ለቀናት ከወጡ በኋላ በመቀሌ ያራግፉት ነበር። አሞሌ በአገራችን ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብም አገልግሏል። ዛሬ መንገድ በመሠራቱ የግመሉን ሥራ በአብዛኛው የጭነት መኪና ወስዶታል። ሆኖም የቆላውን አፋርና የደጋውን ትግራይ ያስተሳሰረው ይህ ንግድ ነውና ሊዘነጋ አይገባውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደዚህች ከተማ ብትሄድ ወዴት ታርፋለህ? ምንስ ትሠራለህ? ብዙ ጎብኚ መቀሌን የሚያውቃት ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ ለመውረድ አንድ ሌሊት አድሮባት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መለወጥ አለበት። ማለዳ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ ለከተማይቱ የአልጋ ኪራይ ብቻ ይተዋል፤ እርሱም ከከተማይቱ ምንም ሳይማር ይሄዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ገበያ ውጣ። አሞሌውን በእጅህ ይዘህ ማን እንደ ጠረበው፣ በምን እንደ ተጫነ ጠይቅ። ቀጥሎም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ያሠሩትን ቤተ መንግሥት ተመልከት፤ በሥራው ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ተካፍሏል። ከዚያም ወደ እንዳ ኢየሱስ ሂድ። በዚያ የመሸገው የጣሊያን ጦር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃ ተከልክሎ፣ በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለመልቀቅ ተገዷል።

«ጊዜና ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበያ መዞርና ሽማግሌ ማነጋገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ቀን መጨመር ነው።

በተለይ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት የከተማይቱ ሕዝብ ሐዘንና ችጋር አይቷል። ስለዚህ ቁስሉን ለወሬ ብለህ አትነካካ፤ ሊነግርህ የፈቀደውን ግን በትዕግሥት አድምጥ። የምትገዛውንም በተቻለህ መጠን ከትንሹ ነጋዴ ግዛ።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ ለእንግዳም ይሠራል። የደረሰበትን አገር የማይጠይቅና የማይጠቅም መንገደኛ፣ ከተራገፈ በኋላ የሚፈልገው እንደሌለ ጭነት ነው። አንተ ግን በባሕር አልባዋ ወደብ እንደ ጨዉ ተፈላጊ ሁን።