ፊደሉ ሳይሆን ልማዱ ይከሰስ

የአማርኛ አጻጻፍ በተነሣ ቁጥር ለፍርድ የሚቀርበው ሞክሼው ፊደል ነው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» በአማርኛ አንደበት ድምፃቸው አንድ ነውና ትርፎቹ ይሰረዙ የሚል ወገን አለ። በአንጻሩ ደግሞ ከግዕዙ ሥር ዝንፍ ያለውን ሁሉ መሃይም የሚያሰኝ ወገን አለ። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ስተዋል።

አንድ ቃል ይመርመር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ሲታተም በርእሱ ላይ «ሐዲስ» ይላል። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የራሳቸውን ሥራ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው ሰየሙት። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው ጋዜጣ ግን ስሙን «አዲስ ዘመን» ብሎ ይጽፋል። ከሦስቱ ስሕተት የቱ ነው? አንዱም አይደለም። አንደኛው የግዕዙን መልክ፣ ሁለተኛው የሥሩን ዝምድና፣ ሦስተኛው የሕዝቡን ልማድ ይዟል።

እንሰርዝ ባዮች የሚረሱት ፊደል የትርጉም ማኅደር መሆኑን ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሰረቀ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። «ምሥራቅ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ከፀሐይ መውጫ እንጂ ከሌባ እንደማይዛመድ ይናገራል። ይህን ምልክት በአዋጅ መደምሰስ መጪውን ትውልድ ከጥንቱ ጽሑፍ ማራቅ ነው።

ቀናዒዎቹም ከበደል አይነጹም። «መምህር»ን «መምሀር» ብሎ የጻፈ ተማሪ በእርግጥ ተሳስቷል፤ ድምፁን አፍርሷልና። «ዓመት»ን «አመት» ብሎ የጻፈውን ግን በዚያው ቀይ ቀለም መቅጣት ስሕተትንና አማራጭን አለመለየት ነው። እንግሊዝኛም ይህን ፈተና ያውቀዋል። ኖኅ ዌብስተር በ1828 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት፣ ቀለም ማለት ከሆነው «ከለር» «ዩ» የተባለችውን ፊደል አስቀረ። አሜሪካ ተከተለው፤ ብሪታንያ ግን ፊደሏን አልለቀቀችም። ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ነው፤ ነውሩ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ ነው።

የአማርኛውም ደዌ ይኸው ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ጸ» እና በስድስቱ የ«ሀ» መልክ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አንድ መጽሔት በአንድ ገጽ ሦስቱን ሲያፈራርቅ ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን የአራሚው ነው። ጉዳቱም ከውበት ያልፋል። የልጅቱ ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ «ፀሐይ»፣ በምስክር ወረቀቷ «ጸሀይ» ከሆነ ወረቀቱ ሌላ ሰው ያደርጋታል። ኮምፒዩተርም ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ አይገምትም፤ እንዲያዛምዳቸው ካልታዘዘ በቀር በአንዱ የተጠየቀውን በሌላው አያገኝም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው የፊደል መቃብር አይደለም፤ የአጻጻፍ ዲሲፕሊን ነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤትና መጽሔት የመረጠውን አጻጻፍ በዝርዝር ይወስን፤ በውሳኔውም ይጽና። መምህሩ የተማሪውን ምርጫ ትቶ መዋዠቁን ያርም። ደራሲው ረቂቁን ለአራሚ ከመስጠቱ በፊት የገዛ ቃሉን ይመርምር። መዝጋቢው የሰውን ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይጻፍ። ይህ ሳይደረግ ዘጠኙን ፊደል ወደ አራት ቢያወርዱት እንኳ ግዴለሽ እጅ በቀሩት መሳሳቱን አይተውም።