ሣጥኑ ለምን ተከፈተ?

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። «ትንሹ ልዑል»ን ያነበብኩላት እንግሊዝኛውን እያየሁ በቃሌ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስለነበር፣ እኔ አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደናቀፍ እሷ ሥዕሎቹ ላይ ታፈጣለች። የተራኪው የመጀመሪያ ሥዕል ላይ ስንደርስ ቆም ብዬ «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። መጽሐፉ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ «ኮፍያ» የሚሉት፣ ሣዩ ግን ዝሆን የዋጠ ዘንዶ ነው የሚለው ሥዕል ነው። እሷ ኮፍያም ዘንዶም አላለችም። «አክንባሎ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ምጣድ ላይ የተከደነ አክንባሎ ቁርጥ። ሥሩ ምን እንዳለ ስጠይቃት «እንጀራ ነዋ» አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው መኖሩ እየገረማት።

ሰባት ምሽት ፈጅቶብን መጽሐፉን ጨረስን። በሳምንቱ ማርክ ኦዝቦርን ከዚሁ መጽሐፍ የሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የአኒሜሽን ፊልም አብረን አየን። ከዚያች ማታ ጀምሮ ከራሴ ጋር ሙግት ገጥሜአለሁ። ፊልሙን ወድጄዋለሁ፤ አዝኜበታለሁም። አንዱ ስሜት ሌላውን አላሸነፈልኝም።

መጽሐፉን የጻፈው አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ ፓይለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ ከመካኒኩ ጋር ሊቢያ በረሃ ውስጥ ወድቆ፣ በውኃ ጥም ሊሞት ሲል በዘላኖች እጅ ነው የተረፈው። ፈረንሳይ በጀርመን ስትያዝ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ «ትንሹ ልዑል»ም በ1943 ኒውዮርክ ውስጥ ታተመ። በሐምሌ 1944 ከኮርሲካ ደሴት ለቅኝት ተነሥቶ አልተመለሰም። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ማርሴይ አጠገብ ባሕር ውስጥ ተገኝቶ የእሱ መሆኑ የተረጋገጠው ስድሳ ዓመት ቆይቶ ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጽሐፉን ሥዕሎች በውኃ ቀለም የሣላቸው ራሱ ነው። ቢጫ ጸጉሩ የቆመው ልጅ፣ ሻርፑ፣ ከአንድ ቤት የማትበልጠው ፕላኔት፣ ሁሉም የዚያ ሰው የእጅ ጽሑፍ ናቸው። ይህን መጽሐፍ ፊልም አደርጋለሁ የሚል ሰው ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ያንን እጅ ጭምር ነው የሚረከበው። ኦርሰን ዌልስ ገና በ1943 ሊሠራው ተነሥቶ አልሆነለትም። በ1974 የወጣው የስታንሊ ዶነን ሙዚቃዊ ፊልም ደግሞ ልዑሉን ሥጋ ለባሽ ልጅ አድርጎ በረሃ ላይ አቆመው፤ ያ የውኃ ቀለም ልጅ ግን እዚያ የለም።

የኦዝቦርን ፊልም ይህ እዳ ገብቶታል። ሁለት ዓለም ሠርቷል። አንደኛው በኮምፒውተር የተሠራው የዛሬው ዓለም ነው፤ ቤቶቹ አራት ማዕዘን፣ መኪኖቹ መንታ፣ ቀለሙ ግራጫ። እዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ እናቷ ቀኗን በደቂቃ ሸንሽና ሰሌዳ ላይ የለጠፈችባት። ሁለተኛው የመጽሐፉ ዓለም ነው። እሱ በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅ፣ በስቶፕ ሞሽን ነው የተሠራው። የወረቀት አሻንጉሊት ትንሽ ያንቀሳቅሱና ፎቶ ያነሡታል፤ ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ፎቶ። አንድ ሴኮንድ ለመሙላት እስከ 24 ፎቶ ይጠይቃል።

የወረቀቱ ክፍል ሲመጣ ቤቱ ጸጥ አለ። የአሸዋው ክምር የተጨማደደና እንደገና የተዘረጋ ወረቀት ነው። የልዑሉ ሻርፕ ከስስ ወረቀት የተቀደደ ይመስላል፤ ነፋስ ሲነካው ጠርዙ ይርገበገባል፣ ብርሃንም ከበስተጀርባው ሰርጎ ያልፋል። አሻንጉሊቶቹ ሲንቀሳቀሱ እንደ ኮምፒውተሩ ምስሎች አይንሸራተቱም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ያ መንቀጥቀጥ የሰው እጅ ነው። አንድ ሰው እዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ያችን ወረቀት በጣቱ ገፋ አድርጓታል። የእህቴ ልጅ ተነሥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደችና ልዑሉን በጣቷ ነካችው። «ወረቀት ነው እኮ!» አለች። በማግሥቱ እህቴ ደብተር ጠፋ ብላ እየጮኸች ደወለችልኝ። ገጾቹ በሙሉ ተቀድደው ቀበሮ፣ ጽጌረዳና አውሮፕላን ሆነዋል። ለዚህ ብቻ ፊልሙን ባመሰግነው አይበዛበትም። አንድ ፊልም ልጅን ከሶፋ አንሥቶ መቀስ ካስያዘ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

የፊልሙ ልጅ ታሪክ ራሱም መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ጎረቤቷ የሆነው ሽማግሌ ፓይለት የታሪኩን የመጀመሪያ ገጽ በወረቀት አውሮፕላን አጥፎ ወደ ክፍሏ ሲያስገባላት፣ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሕይወቷ መናጋት ይጀምራል። ይህን ለመረዳት ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገንም። እዚህ አዲስ አበባም ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ የቤት ሥራ፣ ቅዳሜም ሌላ ኮርስ የሚገቡ ልጆች በየቤታችን ሞልተዋል። ከእነሱ ለአንዷ በሰሌዳዋ ሁለት መስመሮች መሐል አንዲት ኮከብ ማስገባት የሚያስመሰግን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ወረቀቱ ሲያልቅ ነው። ፓይለቱ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ልጅቷ የአሻንጉሊት ቀበሮዋን ይዛ በአሮጌው አውሮፕላን ትበርና ልዑሉን ፍለጋ ትሄዳለች። ታገኘዋለችም። አድጓል። ስሙ «ሚስተር ፕሪንስ» ነው፤ ጭንቀታም፣ አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ ሆኗል፤ ማን እንደነበረ ረስቷል። የመጽሐፉ ነጋዴ ኮከቦቹን ሁሉ ሰብስቦ አስሯቸዋል። ከዚያ ማባረር፣ ማምለጥ፣ መስታወት መስበር ይመጣል። ኮከቦቹ ይፈታሉ፣ ልዑሉ ተመልሶ ልጅ ይሆናል፣ ፕላኔቱ ላይ ትቷት የመጣት ጽጌረዳ የት እንደደረሰች እናያለን።

መጽሐፉ እነዚህን ጥያቄዎች ሆን ብሎ ነው የተዋቸው። ልዑሉ ወደ ኮከቡ ደርሶ ይሆን? ይዞት የሄደው በግ ያችን አበባ በልቷት ይሆን? ተራኪው አያውቅም፤ እኛንም እንድናውቅ አያስገድደንም። የመጨረሻው ሥዕል ባዶ በረሃ ነው፤ ሁለት መስመርና አንዲት ኮከብ። ገና መጀመሪያ ላይ ልዑሉ «በግ ሣልልኝ» ሲለው ተራኪው ፓይለት ደጋግሞ ይሞክራል። ይኼኛው ታማሚ ነው፣ ያኛው ቀንዳም ነው፣ ሦስተኛው አርጅቷል። በመጨረሻ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሣጥን ሥሎ በጉ ውስጡ ነው ይለዋል። ልዑሉ የፈለገው ልክ እሱን ነበር። የመጽሐፉ ሥራ በሙሉ እዚያች ሣጥን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሣጥኑ አይከፈትም። ፊልሙ ከፈተው።

እኛ በአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ተረት ያደግን ሰዎች ይህ ቶሎ ይገባናል። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው በድምፃቸውና በእጃቸው ብቻ ጅቡን ሲያመጡት፣ ጅቡን የሣልነው እያንዳንዳችን በየቤታችን ነበርን። የእኔ ጅብ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ነበር። ያንን ማንም አልነገረኝም፤ ዛሬም ድረስ የእኔ ነው።

አንድ ሰው «ፊልም ከመጽሐፍ ይለያል፣ መጨመርም መቀነስም ግድ ነው» ቢለኝ እስማማለሁ። መለወጡን አልቃወምም። ጊየርሞ ዴል ቶሮ በ2022 «ፒኖኪዮ»ን ሲሠራ የካርሎ ኮሎዲን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተረት አንሥቶ የሙሶሊኒ ኢጣሊያ ውስጥ አስቀመጠው። ሙሶሊኒን ራሱን አስገባበት፤ የልጁ ሞት ያጎበጠው የጀፔቶ ሐዘን ላይም ብዙ ቆየ። ከመጽሐፉ እጅግ ርቋል። ነገር ግን መጨረሻ ላይ የእንጨቱ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ፣ ዕድሜው እስከ ምን እንደሆነ አይነግረንም። እዚያም አሻንጉሊቶቹ በእጅ ነው የተንቀሳቀሱት፤ ግን እጁም ታሪኩም አንድ ናቸው። የኦዝቦርን ፊልም ላይ የተሰማኝ መሰንጠቅ እዚያ የለም። «ትንሹ ልዑል» ውስጥ ወረቀቱ ተመልካቹን ልጅ ያምነዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ልጁ እንዳይጨነቅ ቶሎ ብሎ መልሱን ያቀብለዋል።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ መገመት አይከብድም። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ሲሆን ደግሞ ተመልካቹ ተከፍቶ እንዳይወጣ የሚሰጋ ብዙ ሰው ይኖራል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀውም እንኳ በፊልሙ አልተማመኑበትም። ፓራማውንት በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሊያሳየው ቀን ቆርጦ ከቆየ በኋላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተወው፤ ኔትፍሊክስ ነው ወስዶ ለተመልካች ያደረሰው። በፈረንሳይ ግን በዚያው ዓመት የሴዛርን ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ የልጆች ክላሲክ ሥራዎች የሚሄዱት ወደዚያው በር ነው፤ ኔትፍሊክስ በ2021 የሮአልድ ዳልን ሥራዎች የሚያስተዳድረውን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዝቷል። ስለዚህ የምከራከረው ስላለፈ አንድ ፊልም ብቻ አይደለም። ልጆቻችን እነዚህን መጻሕፍት ከመግለጣቸው በፊት የሚያገኟቸው በስክሪን ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ ከደረሳቸው፣ ተዘግቶ እንደነበር አያውቁም።

መጽሐፉን በጨረስን ጊዜ የእህቴ ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ «በጉ አበባዋን በላት እንዴ?» እያለች ጠየቀችኝ። ታክሲ ውስጥ፣ እራት ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን በረጅሙ ተንፍሳ «ጎበዝ ልጅ ናት» አለችና ውኃ ልትጠጣ ሄደች። ስለ በጉ ዳግመኛ አላነሣችም። የወረቀት ቀበሮዎቿን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያ ጥያቄ መቅረቱ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ባለፈው እሑድ መጽሐፉን እንደገና ካላነበብሽልኝ አለች። ሣጥኑ ጋ ስንደርስ እንዳልገልጥ እጄን ያዘችኝ። አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላውን የቀዳዳውን ሥዕል እስኪነካ ድረስ አስጠጋችና ብዙ ቆየች።

«ጥቁር ነው» አለች በሹክሹክታ። «ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው።»

ለፋሲካ ተገዝቶ ሁለት ቀን ጓሮ ታስሮ የሰነበተው፣ እሷም ሣር እያጎረሰች ስም ያወጣችለት በግ ጥቁር ቦቃ ነበር።