ላም ወንፊት አይደለችም

በቅርቡ ስለ መኖ ዋጋ መናር በተደረገ አንድ ውይይት ላይ፣ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ተብሎ የተጋበዘ ሰው የሻገተ በቆሎና የሻገተ ፋጉሎ ምን ይደረግ ተብሎ ተጠየቀ። «ለሰው ካልሆነ ለከብት ይሁን» ብሎ መለሰና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። አንድም ሰው አልተቃወመውም። ይህን አንድ ገበሬ ቢለው አልቆጣም፤ ከአባቱ ሲሰማ ያደገው ነው፣ የነገረው ሌላ የለም። ሊነግረው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሲለው ግን ዝም ማለት አልችልም።

ለከብት ይሁን! ከብቱ የበላው የት ይሄዳል? አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ቢ1 ላሟ ሆድ ስለገባ ብቻ አይጠፋም። ጉበቷ ወደ አፍላቶክሲን ኤም1 ይለውጠዋል፣ እሱም በወተቷ ይወጣል። ዛሬ የበላችው ነገ ከሚታለበው ወተት ውስጥ ይገኛል። ላም መርዙን አስቀርታ ንጹሑን የምታሳልፍ ወንፊት አይደለችም። ወተቱን ማፍላትም አያድንም፤ ሙቀቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲኑን አያጠፋውም።

ወደ ወተት የሚያልፈው ከተበላው ጥቂት በመቶው ብቻ ነው የሚል ክርክር አውቃለሁ። ጥቂት በመቶው ከስንት ላይ ነው? በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ ወተት አምራቾችና ነጋዴዎች ተሰብስበው የተመረመሩ 110 የወተት ናሙናዎች ውጤት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንዱም ከኤም1 ነጻ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት በወተት ላይ ከሚፈቅደው በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ናቸው። የዚያን አሥር እጥፍ ያለፉት ደግሞ 29 ነበሩ። አብረው የተመረመሩት 156 የመኖ ናሙናዎች ሁሉም ቢ1 ተገኘባቸው፤ በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም። አውሮፓ ለወተት ላም በተዘጋጀ መኖ ላይ የሚፈቅደው 5 ነው። ከሁሉ የተሻለው መኖአችን እንኳ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው! ዋናው ምንጭ ተብሎ የተጠቆመውም የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ ወተት ይጨምራል እየተባለ ለአላቢ ሁሉ የሚመከረው።

ይህ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው አላነበብኩም ማለት አይችልም። ቢያንስ የሙያውን ታሪክ ሊያውቅ ይገባው ነበር፤ አፍላቶክሲን የተገኘው በመኖ ምክንያት ነውና። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ሲያልቁ በሽታው ምን እንደሆነ ጠፍቶ ነበር። ተጣርቶ ተጣርቶ መጨረሻው ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ላይ ደረሰ። ቢ1 የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ያለ ጥርጣሬ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ ነው። እኛ ግን እንስሳቱን ከገደለው መኖ የተማርነው «ለእንስሳ ይሁን» ማለትን ሆነ።

ወተቱን የሚጠጣው ማን ነው? ከሁሉ በላይ ሕፃን ልጅ ነው። ጡት የተወ ልጅ ያላት እናት ከቤቷ ወጪ ቆርሳ የምትገዛለት ወተት ነው። «ዕድሜ ልካችንን ጠጥተነዋል፣ ምን ሆንን?» የሚለው መልስ ያናድደኛል፤ ጉበት ሲታመም ከሃያ ዓመት በፊት የተጠጣው ብርጭቆ አብሮ አይመጣም፣ ስለዚህ ማንም አይቆጥረውም።

እህል መጣል ያሳቅቃል፣ አውቃለሁ። ኪሳራውን ገበሬው ብቻውን ይሸከም አላልኩም። ፋጉሎ በኩንታል ሲሸጥ ክብደቱ ይመዘናል፤ መርዙን የሚለካ የለም። ጆንያው እርጥብ መሬት ላይ ተደርድሮ ክረምቱን ያሳልፋል፣ አረንጓዴው ሻጋታ ይራገፍለትና ይሸጣል። ምርመራው መጀመር ያለበት እዚያ፣ ዘይት መጭመቂያው በር ላይ ነው። የሻገተውን የሸጠ ነጋዴ ጆንያውን መልሶ ይረከብ፣ የገበሬውንም ገንዘብ ይመልስ።